ከዱላ ጫፍ የወረደው ጫማ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ጫማ የሚፈተነው በሐምሌ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና የሚገቡት ክረምቱ እዚህ ላይ ያለ ስስት ስለሚዘንብ ነው። ይኼ ሁሉ ዝናብ ታዲያ በእኛ እግር ሥር ያልፋል። ጭቃው ቀይ ነው፤ ይለጠፋል፣ ይጎትታል፣ ደህና ያልታሰረ ጫማ ካገኘ ከእግር ላይ አውልቆ ያስቀራል። ዝናቡ አበቃ ሲባል ጥቅምትና ኅዳር ውርጩን ይዘው ይመጣሉ። ለዚህ አገር የሚሆን የወንድ የሥራ ጫማ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ስለዚህ ነገር ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል አይፈረድብኝም።

ምክንያቱም ደስ ይለኛል! ዛሬ በገበያው ዳር ባሉት ሱቆች ፊት ወጣቶች ቡትስ ሲያገላብጡ፣ ሶሉን ሲያጥፉ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ሲፈትሹ፣ «ይኼ ከፊቱ ጠበበኝ፣ ሌላ አምጣ» ሲሉ ስሰማ ልቤ ይዘላል። ጠበበኝ ብሎ መመለስ! ይህን ቃል አባቶቻችን ለጫማ ሻጭ ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም።

ያደግሁት ፋርጣ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ ባልሞላ ቦታ ነው። በገበያ ቀን ከጎሕ ጋር የሚነሣውን የሰው ጅረት እናያለን። ሴቶቹ እንቁላሉንና ቅቤውን፣ ወንዶቹ ገብሱን በአህያ ጭነው ይወርዳሉ። ከወንዶቹ መካከል ጫማ ያለው ወዲያው ይለያል፤ ጫማው ከእግሩ ላይ ሳይሆን ከዱላው ጫፍ ላይ ነዋ። ሁለቱን ጫማዎች በክራቸው ያያይዛቸዋል፣ ከዱላው ያንጠለጥላቸዋል፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ በባዶ እግሩ ያንን ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት ይጓዛል። ከተማው ሊገባ ሲል ምንጭ ዳር ቁጢጥ ብሎ እግሩን ይታጠባል፣ በነጠላው ጫፍ ያደርቃል፣ ከዚያ ጫማውን ያጠልቃል። ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ እዚያው ምንጭ ላይ ያወልቀዋል። ሶሉ እንዳያልቅ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን እኔ ሌላም ምክንያት አውቃለሁ። ጫማው ልኩ አልነበረም። እንደዚያ ባለ ጫማ ቁልቁለት መውረድ የጣት ጥፍር መስጠት ነው።

ያኔ ምርጫው ጥቂት ነበር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚወጣውን መንገድ ቻይናዎች ከሠሩት በኋላ የጭነት መኪናው በዛ፤ ከመኪናው ጋር ያለቀ ጎማ በዛ፤ ካለቀው ጎማ በረባሶ ተወለደ። ሶሉ ከጎማው ይቆረጣል፣ ማሰሪያው ከከመነዳሪ ይቀደዳል፣ በምስማር ይያያዛል፣ አለቀ። በረባሶን አከብራለሁ። እሾህ አይበሳውም፣ ድንጋይ አይበላውም፣ ስንት ሰው በእርሱ አርሶ፣ አጭዶ፣ ልጅ አሳድጎበታል። ጭቃ ላይ ግን እግር ውስጡ ይንሸራተታል፤ ሸክም ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ደግሞ መንሸራተት ቀልድ አይደለም። ቀጥሎ ኮንጎ መጣ፤ አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰ ፕላስቲክ፣ ርካሽ፣ በውኃ ለቅለቅ አድርገው የሚያደርቁት። ገበሬው እስከ ዛሬ የሚወደው በዚህ ነው። ፀሐይ ላይ ግን እግር ይቀቅላል፤ በውርጭ ጠዋት ደግሞ ይደርቅና ቁርጭምጭሚት ይልጣል።

ከዚያ ከስክስ መጣ። አቤት ያ ቀን!

በ1983 ዓ.ም የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወታደሩ በየመንገዱ ወደየአገሩ ተመለሰ። አጎቴም ተመለሰ። እናቴ እልልታና ለቅሶዋን አቀላቅላ በሩ ላይ አቀፈችው። እኛ ልጆቹ ግን ፊቱን አይተን ወዲያው ወደ እግሩ ወረድን። ጥቁር፣ እስከ ባት የሚደርስ፣ ክሩ በቀለበቶቹ ውስጥ ተሰላልፎ የሚወጣ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ከስክስ። ደጃችን ላይ ሲረግጥ የሚያሰማውን ድምፅ ዛሬም መለየት እችላለሁ። ሲያወልቀው ተሻምተን አሸተትነው፤ ቆዳ፣ ቀለም፣ የሩቅ አገር አቧራ። ቤታችን ውስጥ ቆዳ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የምንተኛበት ጀንዲ፣ አልጋው የተጠለፈበት ጠፍር፣ እህሉ የሚጫንበት ስልቻ ሁሉም ቆዳ ነበር። ቆዳ ግን እንዲህ ሆኖ፣ የሰው እግር ይዞ፣ ቁርጭምጭሚት ደግፎ ሲቆም ያየነው ያኔ ነው።

ያ ከስክስ የመንደሩ ሁሉ ሆነ። ሙሽራ ለሠርጉ ተዋሰው፤ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ተዋሰው፤ በነሐሴ 13፣ ልጁ ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ጅራፍ ሲያጮህ፣ አንድ ጎረምሳ ተውሶት መጥቶ እንዴት እንደተንጎራደደ! ቁጥሩ 43 ነበር። እግሩ ያነሰ ጨርቅ ይጎስርበታል፤ እግሩ የተለቀ ጥርሱን ነክሶ ይገባበታል። ሁሉም ሲመልሰው አጥቦ፣ ደረቅ ጭድ ውስጡ ሞልቶ ነው። የአጎቴን ደግነት ያህል የዚያ ጫማ ጽናት ይገርመኛል።

አጎቴ በኋላ ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ተረከዙ ሲያልቅ ደብረ ታቦር ይዞት ሄደ፣ እኔንም አስከተለኝ። ጫማ ሰፊው ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሱቅ በረንዳ ሥር ወስፌያቸውን፣ ሰም የተቀባ ክራቸውንና የማስቲሽ ቆርቆሯቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከስክሱን ተቀብለው አገላበጡት፣ እጃቸውን እስከ ጫፉ ድረስ ከተው ውስጡን ዳሰሱ፣ ምላሱን ገልጠው የተቆረጠውን ጠርዝ አዩ።

«ይኼን የሠራ እጅ ይባረክ» አሉ።

«ስንት ክረምት ያወጣል ይላሉ?» አላቸው አባቴ።

«እሳት ካላሳየኸው ልጅህ ያደርገዋል» አሉና ወደ እኔ አዩ።

ያደረግሁት እኔ ነኝ! ዐሥረኛ ክፍል ስደርስ እግሬ 43ቱን ሞላው። በዚያ ከስክስ ትምህርት ቤት የገባሁበትን የመጀመሪያ ጠዋት ሳስበው ዛሬም ደረቴ ይነፋል።

ስለ ጫማ የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማሩኝ እኒያ ሽማግሌ ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው መቀመጥ ልማዴ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ጠርዝ ማየት ነው። የበሬ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ በንብርብር ይሰነጥቀዋል። ፀጉሩ የነበረበት የላይኛው ፊት ጭረቱ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ጠንካራ ነው። ከሥር የሚገኘው ንብርብር ግን የላላ ነው፤ ቀለምና ፕላስቲክ ይለበጥበትና ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የላይኛውን መስሎ ይቀመጣል። እንዲያውም ከእርሱ በላይ ያብረቀርቃል። ልዩነቱን የሚናገረው ጠርዙ ነው፤ ምላሱ ወይም አፉ አካባቢ ቆዳው የተቆረጠበትን ቦታ ስታዩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ድፍን ከሆነ ደህና ነው፤ ከላይ እንደ ቀጭን ሽፋን የሚላጥ ነገር ካለ አስቀምጡት። አውራ ጣታችሁን ተጫኑበት፤ እውነተኛው ፊት ደቃቅ መስመሮች ያወጣና ተመልሶ ይተኛል።

ሁለተኛው ምክራቸው ከልስላሴ መጠንቀቅ ነበር። የደጋ በጋችን ቆዳ በዓለም የታወቀ ነው፤ የታወቀው ግን በጓንት ነው። ቀጭን፣ ልስልስና ጠንካራ ስለሆነ የአውሮፓ ጓንት ሠሪዎች ይፈልጉታል። ለድንጋይና ለጭቃ የበሬ ቆዳ ነው የሚሻለው። እርሳቸው በሬ ሲሉ እጃቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፎገራ ሜዳ ይዘረጉ ነበር፤ በዚያ ያሉት ከብቶች ግዙፍ ናቸውና።

ሦስተኛው ስፌቱ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ሶል ለከተማ አስፋልት ይበቃ ይሆናል፤ ለፋርጣ ክረምት አይበቃም፤ አፉን ይከፍታል። ቀልጦ ከላይኛው ቆዳ ጋር በቅርጽ የተጣበቀ ሶል አለ፤ ውኃ በደንብ ይከላከላል፣ ሲያልቅ ግን የሚቀየርበት መንገድ አይገኝም። ከሁሉ የሚበልጠው በዙሪያው ቀጭን የቆዳ ጠፍር ዞሮ፣ የላይኛው ቆዳ ከጠፍሩ ጋር፣ ጠፍሩ ከሶሉ ጋር ተሰፍቶ የተያዘው ነው። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው ስፌቱን ፈትቶ አዲስ ሶል ይሰፋለታል፤ ላዩ እንዳለ ይቀጥላል። አሁንም ቢሆን ገንዘቡ ካላችሁ ያለምንም ማመንታት ይኼኛውን ግዙ እላለሁ።

የልኩ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በጫማ ላይ የሚጻፈው 41፣ 42፣ 43 የፈረንሳዮች ልኬት ነው። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሚቀጥለው የሚጨምረው የሴንቲ ሜትር 2/3 ነው፤ የሚለካውም ርዝመት ብቻ ነው፤ ስለ ስፋት አንዳች አይናገርም። በባዶ እግር ያደገ ሰው እግር ደግሞ ከፊቱ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ ተበታትነው መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ በጫማ ከታሸገ እግር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የእኛ አባቶች እግር እንዲህ ያለ ነበር፤ ጫማው ግን ለጠባብ እግር ተሠርቶ የመጣ ነበር። ስለዚህ ርዝመቱ ልክ የሆነው ጎኑን ይነክሳል፤ ጎኑ ልክ የሆነው ተረከዝ ላይ ይንቦራቀቃል። ዱላ ጫፍ ላይ የወጣው በዚህ ነው!

አበበ ቢቂላን አስቡት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመታችን ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና 42.195 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ አልተስማማውም፤ ስለዚህ ጥሎት ሮጠ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ግን የተስማማውን ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ። የክቡር ዘበኛው ጀግና ለእኔ የጫማ መምረጥ መምህር ነው። የማይስማማውን ጫማ፣ የዓለም ዓይን እያየው እንኳ፣ እምቢ ብሏል።

ወደኋላ ስሄድ ደግሞ ከዚህችው ከተማችን የወጣውን ያን ጉዞ አስባለሁ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስወረዱትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት አስጎትተዋል። መንገዱን እየጠረጉ፣ ገደሉን እየናዱ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያን ገመድ የጎተቱት ሰዎች የሥራ ጫማ ቢኖራቸው ብዬ ስመኝላቸው እኖራለሁ፤ ከዚያ የከበደ የሥራ ቀን በአገራችን ስንት አለ?

አሁንስ? አሁንማ ሌላ ዓለም ነው! በ2004 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ ወጣት አምጥቶ ከተማዋን ሞላት። ኮብልስቶን የሚያነጥፈው፣ ብሎኬት የሚደረድረው፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው፣ ድንች በአይሱዙ የሚጭነው ሁሉ ጫማ ይፈልጋል፤ ሱቁም ያቀርባል። የአዲስ አበባው አንበሳና ጥቁር ዓባይ፣ ድሮ በመንግሥት እጅ ሳሉ ስማቸውን በሬዲዮና በወታደር እግር የምናውቃቸው፣ ከቻይና ከመጣው ሴፍቲ ጫማና ከሰልባጁ ጎን ይሰለፋሉ። ሰልባጁን አትናቁት፤ ብዙ ጊዜ የተሰፋ ሶል ያለው የአውሮፓ የሥራ ጫማ የሚገኘው እዚያ ክምር ውስጥ ነው። ብቻ ሶሉን በሁለት እጅ አጥፉት። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቀላል ሶል ዓመታት ሲቀመጥ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ላዩ አዲስ ይመስላል፣ በተራመዱበት ሳምንት ይፈረፈራል። ጎማ ሶል እንዲህ አይከዳም።

የሶል ጥርስም የራሱ ታሪክ አለው። ቪታሌ ብራማኒ የሚባል ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ በ1935 (እ.ኤ.አ.) 6 ጓደኞቹ ለቦታው የማይሆን ጫማ አድርገው ተራራ ላይ ሞቱበት፤ ከሐዘኑ ተነሥቶ ጥርሳም የጎማ ሶል ሠራ፣ ቪብራም የሚለው ስምም ከእርሱ ስም የወጣ ነው። ለእኛ ጭቃ ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ ይሁን። የተጠጋጋ ከሆነ ጭቃውን ይዞ ይቀራል፣ እግርም ይከብዳል።

ደስታዬ ከመልክም ከምቾትም ያልፋል። ቀዩ አፈራችን፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ያ አፈር፣ ለዓመታት በባዶ እግር ለሚረግጠው ሰው መዘዝ አለው። ደቃቅ ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል ገብተው እግርን ያሳብጣሉ፤ ዝሆኔ የምንለው የእግር ማበጥ በደጋው በብዛት የሚመጣው እንዲህ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና አሳይቷል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በልጅነቴ ይህ ሕመም ያለባቸው ጎረቤቶቻችን እርግማን ነው እየተባለ ከሰው ተገልለው ይኖሩ ነበር። ዛሬ ጠዋት ልጆች ጫማቸውን አድርገው ትምህርት ቤት ሲሮጡ ሳይ እነዚያን ጎረቤቶች አስባቸዋለሁ።

በቀደም የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲው በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ሳይት ሊገባ ሆነና «አጎቴ፣ ጫማ ልገዛ ነው፣ ና» አለኝ። እንዴት ያለ ግብዣ ነው! ከሰዓት በኋላ እንድንሄድ አደረግሁ፤ ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር ትንሽ ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠብባል። ወፍራም ካልሲውን እንዲያደርግ ነገርሁት። እሱ ደግሞ እኔ ያላሰብሁትን ይዞ መጣ፤ ቤት ሳለ ወረቀት ላይ ቆሞ ሁለቱንም እግሮቹን በእስክርቢቶ ዞሯል። ሱቁ ውስጥ ውስጠኛውን ሶል እያወጣ በወረቀቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሥዕሉ ከሶሉ ከወጣ ሳይሞክረው ይመልሰዋል! እኒያ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ቢያዩት እንዴት በሳቁ!

ባለ ብረቱን ሴፍቲ ሲያነሣ፣ ብረት እንደ ቆዳ እየለመደ አይሰፋምና ከፊቱ ሰፋ ያለውን ውሰድ አልሁት። 43 ብረቱ ትንሿን ጣቱን ነካት፤ 44 አስመጣን። ክሩን እስከ ላይ አሰረና ከሱቁ ወጥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ወደታች ሲወርድ ጣቶቹ ከፊት ካልነኩ፣ ሲወጣ ተረከዙ ካልተነሣ፣ ከፊት አንድ የአውራ ጣት ስፋት ከተረፈ፣ የጫማው ማጠፊያ እግሩ ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከዋለ፣ ያ ጫማ የእሱ ነው። ሻጩም ልጅ ነው፣ በትዕግሥት ጠበቀን፤ እንዲያውም «አባቴ፣ ሌላኛውን ቁልቁለት ይሞክረው፣ እሱ ይብሳል» አለኝ።

እንዴት እንደሚይዘው እየተቀባበልን ነገርነው። ሲረጥብ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ጋዜጣ ጎስሮ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ነው፤ ቆዳ እሳት ሲያየው ይሰነጠቃል። ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። ቀለም ለመልክ ነው፤ የቆዳው ምግብ ግን ቅባት ነው፤ የድሮ ሰው የቀለጠ ሞራ በጣቱ እያሸ ስፌቱ ድረስ ያስገባ ነበር፤ ዛሬ የተዘጋጀው በጣሳ ይሸጣል። ከተቻለ ሁለት ጫማ ይዞ ማፈራረቅ ነው፤ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ይሠራል።

ክርክር የተነሣው በቀለሙ ነበር። ባለ ብረቱ በጥቁርና በቡኒ አለ። እኔ ቡኒው ይሁን አልሁ፤ አቧራ አያሳይም፣ ሲያረጅም ያምራል። እሱ ጥቁር ነው ያለው፤ «የአጎታችሁ ከስክስ ጥቁር አልነበር እንዴ!» ብሎ አፌን አዘጋኝ። ጥቁሩን ወሰደ። ከሻጩ ጋር ዋጋ ስንከራከር ቆይተን ተጨማሪ ክርና አንድ ጣሳ ቅባት አስመረቅን፤ እኔም ቡኒውን በ43 ለራሴ እንዲያስቀምጥልኝ ቀብድ ከፈልሁ።